ከደብረ ብርሃን በገመድ የመጣው ቤት

በእኛ ከተማ፣ በዘንቦ ሜዳ፣ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ የሚሰማት አንዲት ተረት አለች። እኔን የምታበግነኝ ተረቷ ሳትሆን ተራቾቹ ናቸው። ብሎኬት የጫነ መኪና ብቅ ሲል አንዱ ከሻይ ቤት በር ላይ ሆኖ ይተርታታል፣ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው» ይለዋል። ከዚያ ሁለቱም ብሎኬት ክፉ ነገር እንደሆነ ተማምነው ይለያያሉ። ብሎኬት ምን አደረጋቸው? ተረቷ የተወለደች ዕለት እዚያው ቆሜ ነበር። ከማን አፍ እንደ ወጣችና ለማን እንደ ተባለች አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከሥሩ ልንገራችሁና ልገላገል።

ነገሩ የጎረቤቴ የመንበሩ ነው። በእኔና በእሱ ግቢ መካከል ያለው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። መንበሩ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ወደዚህ ቆላ ከወረደ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም ልቡ እዚያው ደጋ ቀርቷል። እህል የደጋ፣ ውሃ የደጋ፣ ሰውም የደጋ ካልሆነ አይጥመውም። ያለው አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ ሽመልስ ይባላል። ሽመልስ ከወንዙ ማዶ የምትኖረውን ማስተዋልን ወደደ፤ እኛም ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ይመር፣ አንድ የሰፈራችን ቄስና እኔ ነበርን።

የልጅቱ አባት አቶ ሙላት ነገረኛ ሰው አይደለም። «ልጄ የምትገባበትን ቤት ልይ» አለ፤ ይህ የማንም አባት መብት ነው። መጣ። የመንበሩ የጭቃ ቤት ያን ጊዜ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ በግንቦት እንኳ ውስጡ የሚቀዘቅዝ ቤት ነበር። አቶ ሙላት «ደግ ቤት ነው» ብሎ ምሰሶውን መታ መታ ሲያደርገው እጁ እስከ አንጓው ድረስ ወደ ውስጥ ገባ። ምስጥ ውስጥ ውስጡን በልቶት ኖሯል። እጁን ሲያወጣ ክንዱ ላይ ምስጥ ይርመሰመስ ነበር።

«ጋሽ ይመር፣» አለ እጁን እያራገፈ፣ «ልጄን በምስጥ ቤት አልድርም። ሌላ ቤት ከሌለ እኔ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ባዶውን አለ፤ እዚያ ይግቡ።»

መንበሩ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «አንድ ልጄ አማቱ ቤት ሊገባ? እኔ ቆሜ ስሄድ? ሰው ምን ይለኛል? ከፋሲካ በፊት የብሎኬት ቤት ሠርቼ አሳይሃለሁ!»

ጋሽ ይመርም አመኑትና ዋስ ሆኑ። «ሙላት፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ ልጅህ ተመችቷት የምታድርበት ቤት ይሆናል፤ ይህን ቃል የምሰጥህ እኔ ነኝ» አሉ። ሽማግሌ ዋስ ከሆነ አለቀ። ሠርጉ ለግንቦት ተቆረጠ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አላጠፋም። ብሎኬት ብሎ መነሣቱም ልክ ነበር፤ እኔ ራሴ «ይበል» ብዬዋለሁ። ምስጥ ብሎኬት አይበላም፣ አይጥ አይቦረቡረውም፣ በየዓመቱ «ጭቃ አቡኩልኝ፣ ምረጉልኝ» ተብሎ ጎረቤት አይለመንበትም። ችግሩ የመጣው መንበሩ በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ወንድሙ ካሣዬ ዘንድ የሄደ ጊዜ ነው።

ካሣዬ አዲስ የብሎኬት ቤት ሠርቶ ነበር። መንበሩ እዚያ አንድ ሳምንት አድሮ ሲመለስ ገና ከመኪና ሳይወርድ ማውራት ጀመረ። «ውጭው ውርጭ ነው፤ ሣሩ ላይ በረዶ ይታያል። ውስጡ ግን እንዴት ያለ ሙቀት! ብርድ ልብስ ገፍፌ ነው ያደርኩት!»

«መንበሩ፣ እዚህ ሙቀት ጠፍቶብህ ነው?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ቤት መቼ ታውቃለህ!» አለኝና ከቦርሳው አንድ ገመድ አወጣ። የወንድሙን ቤት ጥግ እስከ ጥግ ለክቶ ቋጥሮ ቋጥሮ አምጥቶታል። አንድ ቋጠሮ የበሩ ወርድ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የመስኮቱ፣ ሦስተኛው የግድግዳው ቁመት። ሰው ከዘመድ ቤት ሲመለስ ቅቤ ወይም ባቄላ ይዞ ይመጣል። ይኼ ሰውዬ ቤት በገመድ ቋጥሮ መጣ!

ግንበኛው ኑሩ ነበር። ኑሩ የዚሁ የቆላው ልጅ ነው፤ እጁም አፉም የታረመ ሰው። ገመዱን አየና ፈገግ አለ። «ጋሽ መንበሩ፣ ይኼ ለብርድ አገር የተሠራ ልክ ነው። ግድግዳውን አሳጥረው፣ መስኮቱን አጥብበው ሙቀት እንዳይወጣ አድርገውታል። እኛ ደግሞ እንዲወጣልን ነው የምንፈልገው።»

«ብሎኬት ብሎኬት ነው። እዚያ የቆመ እዚህ አይቆምም?»

«መቆሙንማ ይቆማል። ብሎኬት ግን ፀሐይ አይረሳም፤ ቀን የሞቀውን ማታ ሲመልስ ያድራል። ስለዚህ ግድግዳውን ሦስት ረድፍ ልጨምርልዎት፣ መስኮቱን ላስፋ፣ ከላይ የአየር መውጫ ልተው። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይግባ፣ በፀሐይ መግቢያው በኩልም በረንዳ ይኑር። ያኔ ከጭቃው ባይበልጥ አያንስም።»

«ካሣዬ ቤት በረንዳ አለ?»

«የካሣዬን ቤት እኔ የት አውቄ?»

«የለም! ኮርኒስም የለም! ገመዱ ያለውን ሥራ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰማነው ነገር ቢኖር «ገመዱ ያለውን» ብቻ ነው። በአጥሩ በኩል «ኧረ መስኮቱ ጠበበ» ስለው «ገመዱ ነው» ይለኛል። ጋሽ ይመር በከዘራቸው ግድግዳውን ለክተው «ይኼ ነገር አላጠረም?» ሲሉት «ልክ ከገመዱ ጋር ነው» ይላቸዋል። ሰው ለሰው ይናገራል እንጂ ከገመድ ጋር እንዴት ይከራከራል? ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ! እኔም አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። እንዲህ ማድረጌ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ሥራውስ ባልከፋ፤ ኑሩ ሲገነባ እንደ መስመር ነው። ብሎኬቱም ግንቡም እንዳይሰነጠቅ የሰፈሩ ሴቶች በጀሪካን ውሃ እያመላለሱ ጠዋትና ማታ አጠጡት። ወሩ ጥርና የካቲት ስለነበር ሙቀቱም ያን ያህል አይከብድም ነበር፤ ገብቶ ያየው ሁሉ «ያምራል» ብሎ ይወጣል። መንበሩ ደረቱን ነፋ።

ሚስቱ ወይዘሮ ፈለቀች ግን ልቧ አላመነም። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እኔው ፊት፣ «የጭቃውን ቤት ለእኔ ተውልኝ» አለችው። «ምሰሶው ይለወጥ እንጂ ግድግዳው ምን ሆነ? እኛ እዚያ እንሁን፣ ልጆቹ አዲሱ ውስጥ ይግቡ።»

«ብሎኬት ጎን የጭቃ ጎጆ አቁሜ ልሰደብ? አቶ ሙላት ይኼን ቢያይ ምን ይላል?»

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በማግሥቱ አፍርሶት ምሰሶና ማገሩን ለሠርጉ ማገዶ አደረገው። ያን የመሰለ በረንዳ! እኔ በአጥሩ በኩል ቆሜ ሳየው አንጀቴ አረረ። ከእንግዲህ ያለው ቤት አንድ ነው፤ ልጅም አባትም ሙሽራም የሚገቡበት እሱው ነው። እሱም እስከ ሠርጉ ለሙሽሮቹ ተቆልፎ ስለ ቆየ ባልና ሚስቱ ዳሱ ውስጥ አደሩ።

ግንቦት መጣ፤ የእኛ የግንቦት ፀሐይ ደግሞ ትታወቃለች። ሠርጉ ደመቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሽሮቹን በእልልታ አጅበን አዲሱ ቤት አስገባናቸው። በሩ ላይ ስደርስ ፊቴን የመታኝ ወላፈን የምድጃ አፍ ላይ የቆምኩ ነው ያስመሰለኝ። ቆርቆሮው ራሳችን ላይ ነው፤ ረጅሙ ሚዜ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። በመስኮቶቹ ነፋስ አይደለም ዝንብም ለመግባት የምትቸገር ይመስላል። ማስተዋል ከነቬሎዋ ተቀመጠች፤ ላቧ በፊቷ ላይ ይወርዳል። ሚዜው በሰሃን ያራግብላታል። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ «ይመቻል፣ ይመቻል» ስትል ቆይታ ድንገት ዓይኗ ተገለበጠና ሽመልስ ትከሻ ላይ ወደቀች።

አንሥተን ዳሱ ውስጥ አስተኛናት። ውሃ ተረጭቶባት ነፍሷ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «ይቅርታ» ነበር። እሷ ምን አድርጋ ነው ይቅርታ የምትለው? ወይዘሮ ፈለቀች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። መንበሩ ግን «የሰው ብዛት ነው፤ ማታ ይቀዘቅዛል» አለን።

ማታ ምን ይቀዘቅዛል! ኑሩ እንዳለው ግድግዳው ቀን የሞቀውን መመለስ ጀመረ። መዳፌን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሽመልስ አዲሱን አልጋ ወደ ዳሱ ለማውጣት ሞከረ፤ አልጋው የገባው በሩ ሳይገጠም ኖሮ አሁን በዚያች ጠባብ በር አልወጣ አለ። ፍራሹን ብቻ ጎትተው አወጡ። ሙሽራና ሙሽሪት ዳስ ጥግ፣ በአንሶላ ተከልለው፣ ሚዜዎቹ አግዳሚ ላይ፣ አባትና እናት ምድር ላይ ሆነው ነጋ። እንዲህ ያለ ጫጉላ አይቼ አላውቅም።

ጠዋት የማስተዋል ወንድም ለመልስ ሊጠራቸው መጣ። ያየውን አይቶ ለአባቱ ሊነግር ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ሙላት በባጃጅ ደረሰ። ቤቱ ውስጥ ገባ፣ ጥቂት ቆመ፣ ግንባሩን እየጠረገ ወጣ። አልተቆጣም፤ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻል ነበር።

«ጋሽ ይመር፣ ዋስ ነበሩ» አለ በቀስታ።

ጋሽ ይመር ሰባ ዓመት ሙሉ ቃላቸው ታጥፎባቸው አያውቅም። አንገታቸውን ደፉ። «ነበርኩ ልጄ። አፍሬያለሁ» አሉ። እኔም ከአጠገባቸው መሬቱን መሬቱን አየሁ። መንበሩን በዚያች ሰዓት ባንቀው ደስ ባለኝ!

«እንግዲያው ልጆቹን ልውሰድ። ሁለቱ ክፍል እንደ ተጠረገ ነው» አለ አቶ ሙላት።

መንበሩ የልጁን ክንድ ያዘ። «ሽመልስ፣ አትሂድብኝ። ወንድ ልጅ አማቱ ቤት አይገባም። ትንሽ ቀን ታገሠኝ፣ ይለመዳል።»

«አባዬ፣ እኔ እለምደው ይሆናል» አለ ሽመልስ። «እሷ ግን ትናንት እጄ ላይ ወደቀች። ሞተች ብዬ ነበር እኮ።» የአባቱን ጉልበት ስሞ ተነሣ። ፍራሹን ባጃጁ ላይ አሰሩት። ወይዘሮ ፈለቀች ልጇን እስከ መንገዱ ተከትላ ሸኘችው፤ ስትመለስ ባሏን ቀና ብላም አላየችው።

እርግጥ ኋላ ጣሪያው ተነሥቶ፣ ግድግዳው ሦስት ረድፍ ተጨምሮበት፣ መስኮቱ ተሰብሮ ሰፍቶ፣ በረንዳም ወጥቶለት ልጆቹ በጥቅምት ተመልሰዋል። ኑሩ በመጀመሪያ ያለው ሁሉ በሁለት እጥፍ ድካም ተሠራ። ዛሬ ግንቦትም ቢሆን የሚተኛበት የብሎኬት ቤት ነው፤ ብሎኬት ጠሉ ሁሉ ሄዶ ይየው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ይህን ማን ያውቃል? መንበሩ ያወቀው አንድ ልጁ ከነሚስቱ ከደጁ መውጣቱን ብቻ ነው።

ባጃጁ ሲርቅ መንበሩ ወደ እኛ ዞረ። ይቅርታ የሚለን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጡጫውን ወደ ግድግዳው ሰነዘረና «ይኼ ብሎኬት የሚባል ርኩስ ነገር ልጄን ነጠቀኝ!» ብሎ ጮኸ። «እናንተም ብሎኬት፣ ብሎኬት ብላችሁ አሳሳታችሁኝ! ያ ግንበኛም አጥፍቶኛል! ወንድሜ ቤት ደህና የነበረ ብሎኬት እኔ ቤት ሲደርስ እሳት ይሆናል?»

እኔ መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ጋሽ ይመር በእጃቸው ከለከሉኝ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ተቆጥተዋል፣ አዝነዋልም። ባዶውን ቤት አዩ፣ ዳሱን አዩ፣ ፍራሹ የነበረበትን የተጨፈለቀ ሣር አዩ፤ ከዚያም እሱም እኛም ጎረቤቱም እንድንሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ብሎኬቱን ተወው መንበሩ፤ በሰው ልክ ቤት የሠራ፣ ደጅ ያድራል ከነሙሽራ» አሉት።