የሁለት እጅ ሰላምታ

አንድ የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ነበሩ። ዶክተር ጌራወርቅ ይባላሉ። በልብ ሕክምና ስፔሻላይዝ የሚያደርጉ ሐኪሞች ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት እሳቸው ዘንድ ይላኩ ነበር። ሠልጣኞቹ ግን ነገሩን እንደ ቅጣት ነበር የሚቆጥሩት። "ልብ ልንማር መጥተን አንጎል ምን ይሠራልናል?" እያሉ ያጉረመርማሉ።

እሳቸው ይሰሙና ይስቃሉ። "የረጋውን ደም የሚልከው ልብ ነው፤ የሚደርሰው ግን አንጎል ዘንድ ነው። ላኪውን ብቻ አውቃችሁ የተላከበትን ቤት ካላወቃችሁ፣ መርዶ ነጋሪ እንጂ ሐኪም አትሆኑም" ይሏቸዋል።

ለዶክተር ጌራወርቅ የምርመራ መጀመሪያው ሰላምታ ነበር። አልጋው ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "እንደምን አደሩ?" ይላሉ። ከዚያ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ የዘንድሮው ዝናብ ሳይቀር ይጠየቃል። ሠልጣኞቹ ከኋላ ሆነው "ለቅሶ ልንደርስ ነው እንዴ የመጣነው?" እያሉ ይንሾካሾካሉ። እሳቸው ግን በዚያች ሰላምታ ውስጥ አይተው ጨርሰዋል፤ የትኛው እጅ እንደዘገየ፣ ፈገግታው የትኛው ጉንጭ ላይ እንደቀረ፣ መልሱ ቀጥ ብሎ እንደመጣ ወይም መንገድ ላይ እንደጠፋ።

ከሠልጣኞቹ መካከል ስንዱ የምትባል ጎበዝ ነበረች። አንድ ቀን አልጋው ጋ ከመድረሷ የልብ ማዳመጫዋን በሽተኛው ደረት ላይ አሳረፈች። ዶክተር ጌራወርቅ ትከሻዋን ነካ አደረጓት።

"ልጄ፣ ሰውዬውን ሳታገኚው ልቡን አገኘሽው?"

ጓደኞቿ ሳቁባት። እሷም እያፈረች ተመልሳ ከበሩ ጀመረች። ከሥራ በኋላ ዶክተሩ ሠልጣኞቹን ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ቁጭ አድርገው፣ ቆሎ ገዝተው በእጃቸው እያዘገኑ፣ "ስንዱ ዛሬ ልብ ብቻውን ሲሄድ አገኘች" እያሉ ሲቀልዱባት አመሹ። ደግ ጊዜ ነበር።

ዓመታት አለፉ። መምህሩ ጡረታ ወጡ። ዋንዛው ተቆርጦ ፎቅ ቆመበት። ስንዱም ስሟ የተጠራ የልብ ሐኪም ሆነች፤ ወረፋዋ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ድረስ ይደርሳል። አንዳንዴ በፎቁ አጠገብ ስታልፍ ያ ቆሎ፣ ያ ቀልድ፣ የጓደኞቿ ሳቅ ውል ይልባታል። ግን ናፍቆት ወረፋ አያሳጥርምና ቶሎ ብላ ትገባለች።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴት አባቷን ደግፋ ገባች። ዶክተር ጌራወርቅ ነበሩ።

"ልቡ እየዘለለ አስቸገረው" አለች ልጃቸው።

"ውይ ዶክተር! እርስዎ ነዎት?" አለች ስንዱ። ዓይኗ ግን የልብ ምታቸው በታተመበት ወረቀት ላይ ነበር። ምቱ ተዛብቷል። ማዳመጫዋን ደረታቸው ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እንደጠረጠረችው ነው። "መድኃኒት አዝዝላቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘሻቸው ነይ" አለቻት ልጃቸውን። እሳቸው ዝም አሉ።

"ደክሞት ነው መሰለኝ። አሁን እኮ ወረፋ ላይ ሰዉን ሁሉ ሲያጫውት ነበር" አለች ልጃቸው።

የስንዱ እጅ ቆመ። ለካ ሰላም አላለቻቸውም! ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"እንደምን አደሩ ዶክተር?"

ግራ እጃቸው መጣ። ቀኙ ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ግማሽ ፊታቸው ላይ ብቻ ነበር። የጎረቤት በግ ሳይቀር ደኅንነቱን የሚጠይቁት ሰው "እግ... እግ..." ብለው ቀሩ።

"የአንጎል ክፍል ይጠራልኝ! አሁኑኑ!" ብላ ጮኸች። ተሽከርካሪ ወንበሩን ለማንም ሳትሰጥ ራሷ እየገፋች ሮጠች። የአንጎላቸው ፎቶ ተነሣ፤ ልባቸው የላከውን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በሰዓቱ ደረሰላቸው። ወደ ቤት ሸኝታቸው ቢሆን ኖሮ ያ አንደበት ለዘለዓለም ይዘጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አልጋቸው ዘንድ እየሄደች ሁለት እጇን ትዘረጋለች። መጀመሪያ የሚመጣው አንድ እጅ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ቀኙም እየተንቀጠቀጠ መጣና እጇን ያዘ።

"እግዚአብሔር... ይመስገን። አንቺስ ልጄ? ልጆችሽስ? ጎረቤቶችሽስ?"

ስንዱ አለቀሰች። ከኋላዋ የቆመ ሠልጣኝ ሰዓቱን አየና "ዶክተር፣ ሌሎች በሽተኞች እየጠበቁን ነው" አላት።

"ተዋቸው፣ ሰላምታቸውን ይጨርሱ" አለችው።

ሰላምታ የእግዜር ነው ይባላል። የምናውቀውን ብቻ ስንፈልግ የምንፈልገውን እናገኝና ሰውየውን እናጣዋለን። ሙያችን ቢራቀቅም ሰዓታችን ቢያጥርም፣ የሰው በሩ ሰላምታ ነው። ዛሬ ጠዋት እንደምን አደርክ ያልከው ሰው፣ መልሱን እስኪጨርስ ቆመህለታል?