ያልተመለሰው ማረሻ

ጠጋ በሉማ፣ ተረት ይዣለሁ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ለራሳቸው በሚያርሱበት ዘመን፣ እመት ዝንጀሪት የምትባል ብረት ቀጥቃጭ ነበረች። እጇ ባለሙያ ነው፤ ምስጋና ግን ትወዳለች። በደጇ ሁለት ዳኞች ተቀምጠዋል፦ ሚዛንና አውራ ዶሮ። ሚዛን ስንት ብረት እንደገባ ይለካል፤ አውራ ዶሮ ስንት ቀን እንደፈጀ ይቆጥራል። ሁለቱ «አልፏል» ሲሉ ዝንጀሪት በሯ ላይ በከሰል አንድ መስመር ትጭራለች። በሩ ከመስመር ብዛት ጠቁሯል፤ እሷም ባየችው ቁጥር ደረቷን ትነፋለች።

አንድ ቀን ቦራ የሚባል በሬ መጣ። ማሳው ድንጋያም ነው። ዝናብ ሳይገባ ካላረሰ ዓመቱን መራቡ ነውና ድንጋይ የማይበግረው ማረሻ እንድትሠራለት ለመናት።

ሠራች። ሚዛን «ቀላል ነው፣ አልፏል» አለ። አውራ ዶሮ «በቀጠሮው ደርሷል፣ አልፏል» አለ። መስመር ተጫረ። ቦራ ሄደ፤ ገና በመጀመሪያው ትልም ማረሻው ታጠፈ፤ ተመለሰ።

ሁለተኛ ሠራች። ሚዛን አልፏል አለ፤ አውራ ዶሮም አልፏል አለ፤ መስመር ተጫረ። ቦራ ሄደ፤ በሦስተኛው ትልም ጫፉ ተሰበረ፤ ተመለሰ። ደመናው ጠቁሯል። በሩን አየና እንዲህ አላት፦

«እመት ዝንጀሪት፣ እዚህ በር ላይ ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። ማሳዬ ላይ ግን አንዴም አላለፍኩም።»

ዝንጀሪት አፈረች። «ና፣ ድንጋይህን አሳየኝ» ብላ ተከተለችው። ድንጋዩን ዳበሰች፤ ማረሻው የተሰበረበትን ቦታ አየች፤ ተመልሳ ጫፉን አወፍራ ቀጠቀጠች።

ሚዛን «ከብዷል፣ ወድቋል» አለ። አውራ ዶሮ «ዘግይቷል፣ ወድቋል» አለ። ዝንጀሪት ከሰሉን አስቀመጠች። «ቆዩ፤ ይህን የሚፈርደው ማሳው ነው» አለቻቸው። ቦራም ማረሻውን ይዞ ሄደ።

አንድ ቀን አለፈ፤ ቦራ አልመጣም። ሁለት ቀን አለፈ፤ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። ዝንጀሪት ወደ ማሳው ሮጠች። ከዳር እስከ ዳር ታርሷል። ቦራ ዛፍ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል።

«ምነው ሳትመጣ ቀረህ?» አለችው።

«ምን ልሠራ ልምጣ?» አላት።

ዝንጀሪት እየሳቀች ተመልሳ በሩን በውሃ አጠበችው። ሚዛንና አውራ ዶሮ ሥራቸውን አልለቀቁም፤ ዳኝነቱ ግን ቀረባቸው። ከዚያ ወዲህ መስመር የምትጭረው ማሳ ለማሳ ዞራ ካየች በኋላ ነው።

እናንተም የሠራችሁት ማለፉን ማወቅ ስትፈልጉ የሚሠራበትን ሰው ጠይቁ። እኔ ተረቴን አርሼ ጨረስኩ፤ መዝራቱ የእናንተ ነው።