አሜን የማይባልበት አዳራሽ

በቀጨሞ ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሚጠራው ስብሰባ ላይ ምርቃት ይመረቃል እንጂ አሜን አይባልም። ሽማግሌው ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መዳፉን ጨብጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ ሲጨርሱም ማንም ሳይተነፍስ ወደ ስብሰባው ጉዳይ ይገባል። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ሹም ይህን መጀመሪያ ሲያይ ሰዉ የጠላው ይመስለዋል። አንዱማ «ደንቆሮ ከተማ ነው የላካችሁኝ» ብሎ ለአለቆቹ ስልክ ደወለ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ነገሩ ግን ጥላቻም ድንቁርናም አይደለም። ልማዱን ያመጡት እመት ጦይባ ናቸው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ከአሁኑ ከንቲባ በፊት ከነበሩት ከንቲባዎች በአንዱ ዘመን፣ ዛሬ ባለ ሰማያዊ መስታወቱ ፎቅ በቆመበት ቦታ ላይ የድንጋይና የጭቃ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ያን ቤት የቀጨሞ ሰው ድንጋዩን ከወንዝ ተሸክሞ፣ ጭቃውን በእግሩ ረግጦ በደቦ ሠራው ይባላል። ቤቱ ረጅም ነበር፤ በረንዳውም ሰፊ ስለነበር በገበያ ቀን ዝናብ ሲመጣ ሴቶቹ ከነዘንቢላቸው ይጠለሉበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን አርጅቶ ነበር። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲገፉ ይውላሉ፤ ማኅተም ያዡም ጃንጥላ ዘርግቶ ይቀመጣል። «የልጄን ልደት ላስመዘግብ ሄጄ እኔው ተጠምቄ ተመለስሁ» ያለው ሰው ቀልድ የመጣው ከዚያ ነው።

ከዚህ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተጠጋች ቤት ውስጥ አያ ሙሄ አበጋዝና ባለቤታቸው ጦይባ ይኖሩ ነበር። አያ ሙሄ የከተማው መራቂ ነበሩ። ያለ እሳቸው ሙሽራ ከቤት አይወጣም፣ አዲስ ቤት አይገባም፤ ዝናብ ሲዘገይም የሚፈለጉት እሳቸው ነበሩ። «የአያ ሙሄ አፍ መሬት ጠብ አይልም» ይባል ነበር፤ እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር።

ጦይባ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዐይናቸውን ወስዶታል። ሆኖም በቀጨሞ እንደ እሳቸው ዘዋሪ ሴት አልነበረችም፤ ለቅሶ አይቀርባቸውም፣ ሠርግም አይቀርባቸውም። መሪያቸው የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ነበር። ከደጃቸው ወጥተው ቀኝ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉና እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ድንጋዩ ሲሻክራቸው መታጠፊያው ነው፤ ሰው ሲደገፈው የኖረው ልሙጡ ሲመጣ በረንዳው ነው፤ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ደግሞ የቦኖው ውኃ ቀርቧል። ከቦኖው አጠገብ ጓደኛቸው እትዬ ስንዱ በርበሬ ይሸጣሉ።

«ደግሞ መጣሽ? ዐይን ያለው ሁሉ አልፎኝ ይሄዳል፣ አንቺ ሳታዪ ታገኚኛለሽ!» ይሏቸዋል ስንዱ።

«አፈር ባትቀላቅዪበት እኮ በርበሬሽ ከቤቴ ድረስ ያስነጥሰኝ ነበር» ይላሉ ጦይባ፤ ተሳስቀውም እዚያው ይውላሉ።

እንዲህ ሲኖሩ አዲስ ከንቲባ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ ሽማግሌዎች፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ለሁሉም «አባቶቼ፣ እናቶቼ» የሚል ሰው ነበር። ይህ ከንቲባ የከተማውን ሕዝብ በአሮጌው አዳራሽ ሰበሰበና አንድ ትልቅ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቀለ። በሥዕሉ ላይ አሮጌው ቤትና በዙሪያው ያለው ሠፈር አልነበሩም። በቦታቸው ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ውኃ ወደ ላይ ይረጫል፤ በጎዳናው ላይ ሰዎች ይሄዳሉ፤ ከሰዎቹ ግን ዱላ ወይም ዘንቢል የያዘ አንድ እንኳ አልነበረም። ስንዱ ሥዕሉን ለጦይባ በጆሯቸው እየነገሩ ሳለ ከንቲባው «አባታችን፣ እንግዲህ በምርቃት ይክፈቱልን» አለ።

በቀጨሞ ስብሰባ ያለ ምርቃት አይከፈትምና አያ ሙሄ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። የመረቁት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ለሙሽራም፣ ለአራስም፣ ለነጋዴም ሲመርቁት የኖሩት ነበር።

«ሰማዩ ይዝነብ፣ ምድሩ ይብቀል!»

«አሜን!»

«የወጣው በሰላም ይግባ! ያረጀውን ያድስልን! የጠበበውን ያስፋልን!»

«አሜን! አሜን!»

«ለእንግዳችን የመጣበትን ይሙላለት!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ መዳፉን ከፍቶ፤ ከሁሉም በላይ የጦይባ ድምፅ ይሰማ ነበር ይባላል።

ከዚያ ከንቲባው ተነሣ። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ብዙ ልናገር መጥቼ ነበር» አለ። «አሁን ግን ምን ቀረኝ? ያረጀው ይታደስ ተባለ፣ አሜን አላችሁ። የጠበበው ይስፋ ተባለ፣ አሜን አላችሁ። የመጣሁበት ይሙላልኝ ተባለ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተስማምቷል።» አብረውት የመጡት አጨበጨቡ።

ስንዱ ብድግ አሉ። «ኧረ እኛ አሜን ያልነው ለምርቃቱ ነው!»

ከኋላቸው የነበሩ ሽማግሌ ነጠላቸውን ጎተቷቸው። «አንቺ ሴት፣ ተቀመጪ! የተባለ አሜን ይመለሳል እንዴ? ልጆቻችንን ልታስጨርሺ ነው?»

በቀጨሞ እንደሚታመነው፣ አሜን ብሎ አሜኑን የሚመልስ ሰው ምርቃቱ ወደ እርግማን ይዞርበታል፤ ይዝነብ የተባለው ሰማይ ይደርቃል፣ ይግባ የተባለው እንደወጣ ይቀራል። ይህን ሊፈታ የሚችል መራቂው ብቻ ነው። እሱ «ቃሌን አንሥቻለሁ» ካለ ሕዝቡ ነፃ ይወጣል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አፉ አይደርስም፣ መራቂነቱም ያበቃል። ስለዚህ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞሮ አያ ሙሄን አየ። አያ ሙሄ ገና ቆመው ነበር፤ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር ይባላል። ቤታቸው እንደሚፈርስ፣ የጦይባም መንገድ አብሮ እንደሚፈርስ ያውቁ ነበር። ነገር ግን አፋቸውን ይወዱት ነበር። ይህን ሽማግሌዎች ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አያ ሙሄ ቁጭ አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጦይባ እጃቸውን ከግድግዳው ላይ ሳያነሡ፣ «ሙሄ፣ ከዚህ ውስጥ የቱን ነው የሚያድሱልኝ?» ብለው ጠየቁ።

ዶዘሩ መጥቶ አሮጌውን ቤት ገፋው፤ ሠፈሩንም ገፋው። በሰው እግር የተረገጠው ጭቃ ለሦስት ከተማ የሚበቃ አቧራ ሆኖ ወጣ ይባላል። ነዋሪው ከወንዙ ማዶ ጠጠር ሜዳ በሚባል ቦታ መኖሪያ ተሰጠው። እዚያ የቆርቆሮ ቤቶቹ ተራርቀው የቆሙ ናቸው፤ በመካከላቸው ሜዳ እንጂ ግድግዳ የለም። ጦይባ በመጀመሪያው ጠዋት ከደጃቸው ወጥተው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ነፋስ ጨበጡ። ጥቂት ወደፊት ሄደው እንደገና ዘረጉ። ከዚያ ዞረው መመለሻውም ጠፋቸው፤ ጎረቤት እጃቸውን ይዞ እስኪያስገባቸው ድረስ ሜዳው መካከል ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን አልወጡም። ስንዱ በርበሬያቸውን ወደ ታችኛው ገበያ አዙረው ነበርና አልፎ አልፎ መጥተው ይጠይቋቸዋል እንጂ እንደ ድሮው መዋል ቀረ።

ጦይባ ሌላም ነገር ተዉ። ከማዕድ በኋላ አያ ሙሄ እንደ ልማዳቸው ሲመርቁ ዝም ይላሉ።

«አሜን አትይም እንዴ?» አሏቸው አንድ ቀን።

«ምን እንደሚመጣበት ሳላውቅ?» አሉ ጦይባ።

ዓመታት አለፉ። ፎቁ አለቀ። ከንቲባው ራሱ በመኪና ጠጠር ሜዳ ድረስ መጣና ከቆርቆሮው ደጅ ዝቅ ብሎ ገባ። «አባባ፣ የእርስዎ አፍ ያልነካው ቤት ቤት አይሆንም» አለ። «መጥተው ይመርቁልን። እኔም ውለታ አልረሳም፤ ከአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳውን ተጠግታ አንዲት ክፍል አለች። ለእናታችን ትሁን።»

አያ ሙሄ ደስታው እንባ አመጣባቸው። «ሰማሽ? ግድግዳሽ ተመለሰልሽ!»

ጦይባ ከንቲባው እስኪሄድ ጠበቁና ባላቸውን እንደ አገሩ የአክብሮት ወግ «እናንተ» እያሉ ተናገሩ። «ስንዱ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? አዳራሹ ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ሁለተኛ ሥዕል አለ። የታችኛው ገበያ ቦታ ነው፤ ገበያው ግን የለበትም። እናንተ ስትመርቁ ጨርቁን ያነሡታል።»

«ሌላው ለራሱ ያውቃል» አሉ አያ ሙሄ። «እኔ ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እንግዲያስ እኔንም ውሰዱኝ» አሉ ጦይባ።

በቀኑ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። ጦይባ ከአዲሱ ቤት ሲደርሱ እጃቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ዳሰሱት። ከዚህም ልሙጥ፣ ከዚያም ልሙጥ ነበር። «ይኸኛው አይናገርም» አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ። ስንዱ ይዘዋቸው ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጧቸው። ፊት ለፊት፣ ከከንቲባው ወንበር አጠገብ፣ ጨርቅ የለበሰው ሥዕል ቆሟል።

አያ ሙሄ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «ሰማዩ ይዝነብ፣ ምድሩ ይብቀል!»

ጦይባ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቆሎ እንደሚደብቅ ሕፃን ጥርቅም አድርገው ጨበጡ። ስንዱ አዩና የራሳቸውን ጨበጡ። ከጎናቸው ያሉት የገበያ ሴቶች አዩ፤ ከኋላ ያለው ረድፍም አየ። አሜን ብሎ መካድ አይቻልም፤ ያላሉትን ግን ማን ይጠይቃቸዋል?

«የወጣው በሰላም ይግባ!» አሉ አያ ሙሄ። ማንም አልመለሰም። ድምፃቸው እየቀጠነ፣ «ያረጀውን ያድስልን» አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከንቲባው ብቻውን፣ ከልማድ የተነሣ «አሜን!» አለ፤ ድምፁም መስታወቱን ዞሮ ወደ ራሱ ተመለሰበት። አንዲት ሴት ሳቀች ይባላል።

«ተቃውሞ ያለው አለ?» አለ ከንቲባው። ዝም። «የሚደግፍስ?» ዝም። ጨርቁን ማንሣት አልሆነለትም። ለምረቃው የተጠሩት እንግዶች የቀረበላቸውን በልተው በየመኪናቸው ሄዱ።

አያ ሙሄ ግን ሰዉ ሁሉ ከወጣ በኋላም እጃቸውን እንደዘረጉ እዚያው ቆመው ነበር። አሜን ያልተባለበት ምርቃት በመራቂው ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል ይባላል። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ማንንም አልመረቁም። ለአፋቸው ሲሉ በመጀመሪያው ቀን ዝም ያሉት ሰውዬ፣ አፋቸው በገዛ ሚስታቸው እጅ ተዘጋ። የተባለችውም ክፍል የጄኔሬተር ማስቀመጫ ሆነች።

ወደ ጠጠር ሜዳ ሲመለሱ ጦይባ በባላቸው ክንድ ተደግፈው፣ ሌላኛው እጃቸው ግን እንደተጨበጠ ነበር። ከደጃቸው ሲደርሱ አያ ሙሄ፣ «አሁንስ ክፈቺው፤ አዋረድሽኝ፣ ሌላ ምን ቀረሽ?» አሉ።

«ምርቃታችሁን ነው የያዝሁት» አሉ ጦይባ። «እዚያ ብለቀው ለራሳቸው ይወስዱታል።» ከዚያም በበራቸው ደፍ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ከፈቱና ቀስ ብለው «አሜን» አሉ። አያ ሙሄ ይቅርታ መስሏቸው እጃቸውን ሊይዙ ሲሉ፣ ጦይባ «ለዝናቡ ነው» ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላ ጦይባን ከደጃቸው ውጭ ያያቸው የለም።

የታችኛው ገበያ እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ግማሹ ሰው በተጨበጠው እጅ ነው የቆመው ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ሲሚንቶ ስለተወደደ ነው ይላል። ከፎቁ ፊት ለፊት ውኃ ይረጭበታል የተባለው ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ አስተናግር የሚባለው አረም በቅሎበታል። ልማዱ ግን ጸና። የቀጨሞ ሰው የስብሰባውን ምርቃት በእጁ ጨብጦ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ሰላምታም አይጨባበጥም፤ ከገዛ ቤቱ ደፍ ላይ ሲደርስ መዳፉን ከፍቶ አሜን ይላል።

ተከራይ ግን በሰው ደፍ ላይ አሜን አይልም፤ ቢል ምርቃቱ የባለቤቱ ይሆናልና። ስለዚህ ስብሰባ በተደረገ ቀን፣ ሰዉ ሁሉ ከቤቱ ከገባ በኋላ፣ እጃቸውን እንደጨበጡ በከተማው ጎዳና ወዲያና ወዲህ የሚሉ ሰዎች ይታያሉ። በየዓመቱ ቁጥራቸው ይበዛል።