የእማማ ረዲያ ጣውላ

ስሟን ባልጠራው ምንም በማይጎድልባት አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከጁሙዓ መስጊዱ ቁልቁል፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ እንጨት ቀራጭ ነበሩ። አርባ ዓመት የቁርኣን ማስቀመጫ በመሮ ሲቀርጹ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር በኮምፒውተር የምትታዘዝ ትንሽ የመቅረጫ ማሽን ገዙ።

አንድ ቀን እማማ ረዲያ የተባሉ ባልቴት የዋንዛ ጣውላ አሸክመው መጡ። ዛፉን የተከለው አንድዬ ልጃቸው አንዋር ነው። አንዋር ስደት ወጥቶ ባሕር በልቶታል፤ ቀብር የለውም። እሳቸውም ስሙን በዚህ ጣውላ ላይ እንዲቀርጹላቸው ለመኑ። ፊደል አልቆጠሩም፣ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል፤ ነገር ግን አንዋር በሕይወት ሳለ የስሙን አራት ፊደላት አስጠንቷቸው ነበርና በጣታቸው እየዳሰሱ ሊያነቡት ፈለጉ። ከዛፉ የተረፈው ያ ጣውላ ብቻ ነበር።

ሐጂ ጣውላውን በአማና፣ በአደራ ተቀበሉ። ማሽኗ እንጨቱ የት እንደሚጀምር በራሷ አታውቅም። ፑንታ የሚባለው የማሽኗ መቅረጫ ብረት ጫፉ የጣውላውን ፊት የሚነካበትን ከፍታ ቀራጩ ፈልጎ “ዜሮሽ ይህ ነው” ሊላት ይገባል፤ ወደ ታች የምትቆፍረውን ሁሉ ከዚያ ትለካለች። ሐጂ ስስ ወረቀት ከፑንታው ሥር ያደርጉና ወረቀቱ ያዝ ሲያደርግ ዜሮውን ይሰጧታል። ፑንታ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ነው።

ያን ዕለት ጠርዙን በወፍራሙ ፑንታ ጨርሰው ለስሙ ቀጭኑን አሰሩ። ወዲያው የዐስር አዛን አለ፤ ሥራውን ትተው ወደ ሶላት ሄዱ። ሲመለሱ ዜሮውን ያስተካከሉ መሰላቸውና አስነሷት። ቀጭኑ ፑንታ ግን ከፊተኛው ይረዝም ነበር። እጃቸው ማጥፊያው ላይ እስኪደርስ የመጀመሪያውን ፊደል በስቶ ወጣ፤ ጣውላውም እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ።

ጎረቤታቸው አናጢው ቲጃኒ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ነገሩን አይቶ፣ ቀዳዳውን በሰጋቱራና በኮላ ሞልተው፣ አለስልሰው፣ እንደገና እንዲቀርጹበትና ቨርኒሽ እንዲቀቡት መከራቸው። ሴትዮዋ አያዩም፣ በጣታቸውም አይለዩትም አላቸው።  ሐጂ ግን ጣውላውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

እማማ ረዲያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐጂ ጣውላውን ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። የሴትዮዋ ጣት ፊደሉን ሲፈልግ ሄዶ ቀዳዳው ውስጥ ገባ፤ በወዲያኛው በኩልም ወጣ።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ ሐጂ። “ልኩን ሳላይ አስነሳኋት። አውፍ ይበሉኝ።”

እማማ ረዲያ ስንጥቁን እስከ መጨረሻው ዳሰሱት። እንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ።

“የልጄን ሞት ሰዎች ዘጠኝ ወር ደብቀውኛል፣ ሐጂ” አሉ በመጨረሻ። “አገር ያውቅ ነበር። እኔ ግን ይመጣል እያልኩ ልብሱን ፀሐይ አሰጣ ነበር። እርስዎ በዕለቱ መጡ።” ቀጥለውም፣ “አውፍ ብያለሁ። ልቤ ግን ገና ነው” አሉ።

ሐጂ ሌላ እንጨት ላምጣ ለማለት አልደፈሩም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጠው መግሪብ እስኪደርስ አብረዋቸው አለቀሱ።

በማግስቱ ቲጃኒ፣ ማንም በማያውቀው ነገር እኚያን እናት ለምን እንዳስለቀሷቸው ጠየቃቸው። ሐጂ የመለሱለት አንዲት ቃል ናት፦

“ሰጋቱራ የሚሞላው እንጨትን ብቻ ነው።”

ብዙዎቻችን እውነት ስንናገር ቶሎ እፎይታ እንጠብቃለን። ሐጂ ቡሽራ እፎይታ አላገኙም፤ ጣውላውም አልዳነም። አማና አንዳንዴ ሙሉ ሆኖ አይመለስም። ያኔ የሚቀረን ሰባራውን ይዘን ባለቤቱ ፊት መቆም ነው። አንዳንዴ ባለቤቱ እንዳያዝን ብለን ሸፍነነው ይሆናል፤ ግን ያ ሐዘን የእሱ ነበር፣ ልንነፍገው መብት አልነበረንም። እማማ ረዲያ ያን ሰባራ ጣውላ ከራስጌያቸው አልለዩትም ይባላል። አላህ ለእሳቸውም ለልጃቸውም ይዘን።