የእመት ጃርት ሥዕሎች

ተረት ልንገራችሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በአንድ አገር አራዊት በየዓመቱ ጨዋታ እያሳዩ፣ የበለጠው ካባ ይሸለም ነበር። ዳኛው አያ ጉሬዛ ነው፤ መኩራት ይወዳል።

እመት ጃርት ግን ዓመቱን ሙሉ በእሾኋ ኮባ ቅጠል ላይ ስትስል ከረመች። ቅጠሎቹን ቶሎ ቶሎ ስትገልጣቸው ሥዕሉ ሕያው ይመስልና፣ እናቷ የጠፋችባት ሚዳቋ ስትሮጥ ትታያለች። ካባውንማ እንዴት ተመኝታዋለች! ትከሻዋን በክር ስትለካ ጎረቤት ሁሉ አይቷታል።

«አያ ጉሬዛ፣ መጥተህ እይልኝ እንጂ» አለችው።

«አይ እመት ጃርት፣ ሥዕል የልጆች ነው። ልጆቼን እልካለሁ፤ ያዩትን ይነግሩኛል» አላት።

ልጆቹ አይተው ሲመለሱ ከለቅሶ ብዛት መናገር አቃታቸው። እሱም «ልጅ መቼም ያለቅሳል» ብሎ፣ ካባውን አንዴ ላገሳው ለነብር አለበሰው። ለጃርት «ልጆች ስላጫወትሽ» ተብሎ አንድ እፍኝ ቆሎ ደረሳት። ምን ታድርግ፣ አመስግና ተቀበለች።

በማግስቱ ቅጠሎቿን ስትገልጥ፣ ሊያዩ ከተሰበሰቡት የጥንቸል ልጆች ኋላ አንድ ረጅም ነጭ ጭራ አየች። አያ ጉሬዛ አጎንብሶ ተቀምጦ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ምነው አያ?»

«ልጆቼን ልወስድ መጥቼ ነው።»

«ልጆችህማ ቅድም ቤት ገቡ።»

ጉሬዛ ሚዳቋዋን እያየ በቀስታ «እናቷን ታገኛታለች?» ብሎ ጠየቃት።

«ዝም ብለህ እይ» አለችውና ቀጣዩን ቅጠል ገለጠችለት።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተም ለአፌ ቁራሽ ዳቦ አትንፈጉኝ።