ፊቷን የነጨችው ጉሬዛና የደጃፉ መስተዋት

ቀረብ በሉ፤ ጆሯችሁንም ለጥቂት ጊዜ አውሱኝ። ይህ የሆነው አውሬ ሁሉ ቋንቋ፣ ዕቃም ሁሉ ምላስ በነበረው ዘመን ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት፣ ወሩ ሰኔ ነበር፤ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ መውለዱን ያመነታል፤ ጉሙም ከወንዙ ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ይግተለተላል። በዚያ ጉም ውስጥ ዘርፌ የምትባል ጉሬዛ ልጇን በደረቷ ለጥፋ ወደ ፍሥሓ አጸድ ደጃፍ ትራመድ ነበር።

የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ሁለንተናው ነጭ ነው። ጥቁሩ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ቀስ እያለ፣ እንደ ምሽት ጥላ። እናትም ያን ነጭነት የምታየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ዐይኗን ከልጇ አትነቅልም። የዘርፌ ልጅ ድምቡሼ ትባላለች። ከእርሷ በፊት የተወለዱትን ሁለቱን ንሥር ወስዷቸዋል፤ ለዘርፌ የቀረችላት ይህች አንዲቱ ብቻ ነበረች።

ፍሥሓ አጸድ ግራዝማች ቀበሮ በወንዙ ዳር ያቆመው የጨዋታ ሥፍራ ነው። ወንዙ የሚያሽከረክረው ታላቅ መንኰራኵር አለው፤ ከዋርካ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ አለው፤ ከኮረብታው እስከ ሜዳው የሚወርድ ሸርተቴ አለው። ቀድሞ ደጁን የሚጠብቀው አያ ኤሊ ነበር። አያ ኤሊ እንግዳን የሚያውቀው በሰላምታ ነው። «እንደምን አደርሽ? ልጆቹስ እንደምን አደሩ? ያ ያመመሽ እግርሽስ ተሻለሽ?» ይላል፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ከዚያ ያስገባል። ሰላምታው ስለሚረዝም ሰልፉ እስከ ቀትር ይቆማል። በአንድ ክፉ ቀን ግን አንድ ጅብ ሰላምታውን አሳምሮ መለሰና፣ «አጎቷ ነኝ» ብሎ የፍየል ግልገል ይዞ ወጣ። ግልገሏ ዳግመኛ አልታየችም።

ከዚያ ወዲህ ግራዝማች ቀበሮ ሰላምታን ጠላ። ከሩቅ አገር መስተዋት አስመጥቶ በደጁ ምሰሶ ላይ ሰቀለ። መስተዋቱ የገባውን ፊት ሁሉ በሆዱ ያኖራል። ልጅን ያስገባው ፊት ካልመጣ ልጁን ለማንም አይሰጥም። የመዝጊያው መቀርቀሪያ የሚሰማው እርሱን ብቻ ነው። ሕጉም ሦስት ነው፦ አትሣቁ፤ አታልቅሱ፤ ፊታችሁን ወደ ጎን አታዙሩ።

እንግዶቹም ለመዱ። ገና ከኮረብታው ሥር ሲደርሱ ፊታቸውን እንደ ድንጋይ ያደርቁታል። የቆየ ወዳጅ ከወዳጁ ጎን ቆሞ እንደ ባዕድ ወደ ፊት ብቻ ያያል።

«ምነው አያ ከርከሮ፣ ዛሬ ፊትህን ጭቃ አልነካውም? ታመምክ እንዴ?» አለ አህያ፣ ከዘርፌ ፊት ተሰልፎ።

«ዝም በለኝ አንተ! ታሥቀኝና ታስመልሰኛለህ» አለ ከርከሮ።

«ብትሥቅስ ማን ይለየዋል? ጥርስህ እንደ ሆነ ዘወትር ውጭ ነው!»

ሣቁ እስከ ጉሮሯቸው መጣ። ወዲያው መስተዋቱን አዩና ዋጡት።

የዘርፌ ተራ ደረሰ።

«እንኳን ደህና መጡ፤ ፊትዎን ያቅኑ» አለ መስተዋቱ። «አንዲት ጉሬዛ፤ ፊቷ ጥቁር፣ ዙሪያው ነጭ። አንዲት ጨቅላ፤ ሁለንተናዋ ነጭ። ተመዝግቧል፤ ይግቡ።»

መቀርቀሪያው ተነሣ። ዘርፌ የወይራውን መዝጊያ በእጇ ገፍታ ገባች። ድምቡሼም በዥዋዥዌው ላይ ተቀምጣ፣ «ወደ ላይ! ገና ወደ ላይ!» እያለች አጸዱን በሣቋ ሞላችው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቁራ መጣ። ቁራ መርዶ ማለሳለስ አያውቅም። ከዋርካው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ «ዘርፌ! ወንድምሽ ማንደፍሮ ከነቅርንጫፉ ወደቀ! ሞተ! ሞተ!» ብሎ ሄደ።

ጨቅላ ወደ ሬሳ አይወሰድም። ዘርፌ ወደ ዥዋዥዌው ዞረች።

«አንተ ዥዋዥዌ፣ እስክመለስ ያዝልኝ።»

«አቅፋታለሁ፤ ሂጂ እመት» አለ ዥዋዥዌው። «እስክትመጪ አላወርዳትም።»

ከደጁ ውጭ አያ ኤሊ ከሥራው ከተሻረ ወዲህ የሚቀመጥባት አንዲት ድንጋይ ነበረች። ዘርፌን እየሮጠች ባያት ጊዜ አንገቱን አወጣ።

«ልጄ፣ ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር። ወንድምሽን አልቅሺለት፤ ደረትሽን ድቂ፤ ሙሾውንም አውርጂ። ፊትሽን ግን አደራ! ይህ መስተዋት ለቅሶ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

«እሺ አያ፤ ፊቴን አልነካም።»

አልነካም ማለቷ ከልቧ ነበር። ለቅሶው ቦታ ደርሳ እጆቿን ከብብቷ ሥር ቀበረች። ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ሲነጩ እርሷ አልነጨችም፤ «ለአንድ ወንድሟ እንኳ አታዝንም?» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ነገር ግን ቃሬዛው ሲያልፍ የማንደፍሮ እጅ ከጨርቁ ሥር ወጥታ ተንጠለጠለች። በልጅነቷ ወንዝ ሲወስዳት ጎትታ ያወጣቻት እጅ ያቺ ነበረች። ያን ጊዜ የዘርፌ እጆች ጌታቸውን አልጠየቁም። ከብብቷ ወጡ፤ ጉንጯን በአሥር ጥፍር አረሱት፤ ፊቷን እንደ ጨረቃ የከበበውን ነጭ ጠጕር ከሥሩ ነቀሉት። ከጎኗ ታለቅስ የነበረችው እመት ሚዳቋ እየጮኸች እጇን ያዘች። «ይብቃሽ እኅቴ፣ ይብቃሽ!» አለቻት፤ አቅፋም አስለቀሰቻት። ዘርፌ ከሌሎቹ ዘግይታ ከመንጨቷ በቀር ከለቅሶው ወግ ያጓደለችው አልነበረም።

አሥር ሰዓት ላይ ካፊያ ጀመረ። ደጁ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ዘርፌ በካፊያው ውስጥ ሮጣ ደረሰችና በመስተዋቱ ፊት ቆመች።

«እንኳን ደህና መጡ፤ ፊትዎን ያቅኑ።»

«ልጄን ልወስድ ነው።»

«እንባ አለ። አላወቅሁዎትም። ይመለሱና ይሰለፉ።»

ተመለሰች። ከሰልፉ ጭራ ቆማ እንባዋን በቅጠል ጠረገች፤ አዲሱን ደግሞ ወደ ውስጥ ዋጠችው። በሁለተኛው ተራዋ ዐይኗ እንደ በጋ ምንጭ ደርቆ ነበር።

«ጥቁር ፊት ነው፤ ነጭ ዙሪያ የለውም» አለ መስተዋቱ። «ቀይ መሥመሮች አሉበት። እንዲህ ያለ ፊት በደጄ አልገባም።»

«መሥመሮቹ ጥፍሮቼ ናቸው! ወንድሜ ሞቶብኝ ነው!»

«ሞት የሚባል እንግዳ አልተመዘገበም።»

ይህን ጊዜ የወይራው መዝጊያ አቃሰተ። «እኔ አውቃታለሁ! ጠዋት የገፋችኝ መዳፍ ይህች ናት፤ ሙቀቷ ገና ከእንጨቴ አልወጣም!»

«አንተ ዐይን የለህም» አለው መስተዋቱ።

«አንተስ መዳፍ ነክቶህ ያውቃል?» አለ መዝጊያው። መቀርቀሪያው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዘርፌ ወደ ሰልፉ ዞረች። ከኋላዋ የቆመችው እመት ሚዳቋ ነበረች።

«እመት ሚዳቋ! እጄን ይዘሽ ያስለቀስሽኝ አንቺ አይደለሽም? ዞር በዪና አንድ ቃል ተናገሪልኝ። ‹ዘርፌ ናት› በዪ!»

ሚዳቋ አልዞረችም። ዐይኗን መስተዋቱ ላይ ተክላ፣ ከከንፈሯ ጥግ ብቻ፣ «እኅቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ ውስጥ ናቸው። ፊቴ ከተዛባ እኔም እንደ አንቺ ውጭ መቅረቴ ነው» አለች። እንባዋ ሲመጣባትም ወደ ሰማይ አንጋጣ መለሰችው፤ ታወቀች፤ ገባችም። ከእርሷ ኋላ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የተሰለፉትም አህያው፣ ከርከሮው፣ ሁሉም ወደ ፊት እያዩ አለፉ። እኛ ሰው ሰውን ሲገፋ «ፊት ነሣው» እንላለን። በዚያች ሰዓት ያ ሰልፍ ሁሉ፣ ፊቱን ወደ ፊት እንዳቀና፣ ዘርፌን ፊት ነሣት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። አያ ኤሊ ከድንጋዩ ወርዶ፣ በጭቃው ውስጥ እየተሳበ ከግራዝማች ቀበሮ እግር ሥር ደረሰ።

«ግራዝማች፣ እባክህ ልጅቷን አስጠራት። እርሷ ትመስክር። የጡቷን ወተት የጠባች ልጅ እናቷን አትስትም።»

«ይሁን» አለ ቀበሮ። «እኔ ጨካኝ አይደለሁም፤ ሥርዓት ነው እንጂ። ልጅቷ ‹እናቴ ናት› ካለች አስወጣታለሁ።»

ድምቡሼ መጣች። ቀኑን ሙሉ ከሌሎቹ ልጆች ጋር «መስተዋት መስተዋት» ስትጫወት ውላለች፤ አንዱ ምሰሶ ላይ ይወጣል፤ የቀሩት ፊታቸውን አድርቀው ይሰለፋሉ፤ እርሱም «አላወቅሁህም!» እያለ ያባርራቸዋል። ከመዝጊያው የእንጨት ርብራብ ወዲያ ቆመች፤ በካፊያው ውስጥ እንደ አንዲት የጥጥ ፍሬ ነጭ።

«ድምቡሼ! ነይ፣ የእኔ ጥጥ!»

የልጅቱ ጆሮ ቆመ። ሦስት እርምጃ ሮጠች። ከዚያ ፊቷን አየችና ቆመች።

«ድምፅሽ የእማዬ ነው» አለች። «ግን ፊትሽ ያስፈራል። እማዬ ነጭ ጺም አላት።»

«ነበረኝ ልጄ፤ ተነቅሎ ነው። ተመልሶ ይበቅላል። እጄን አሽትቺው፤ ጠዋት ያቀፈችሽ እጅ ናት።» ዘርፌ እጇን በርብራቡ መካከል ዘረጋች።

ድምቡሼ አሸተተች። እጁ ደም ደም ይላል። አመነታች፤ አንዲቱ እግሯ ወደ እናቷ፣ አንዲቱ ወደ ኋላ ሆነች። ከዚያም ከጠዋት ጀምሮ ታላላቆቿ ሲያደርጉ ያየችውን አደረገች፤ ቀና ብላ ፊቷን አደረቀችና ምሰሶውን ጠየቀች።

«መስተዋት፣ ይህች እናቴ ናት?»

«አላወቅኋትም።»

ልጅቱም ወደ ዘርፌ ተመልሳ፣ ለባዕድ በሚነገር ትሕትና፣ «እንግዲያው እማዬ ስትመጣ ካገኟት፣ ዥዋዥዌው ላይ ነኝ ይበሉልኝ» አለቻት። ሄደችም። መቀርቀሪያው ወረደ።

ዘርፌ አልጮኸችም። የምትጮኽበት አፍ ያለው ፊቷ ላይ ነበርና እርሱንም ፈራችው።

«ፊትሽን ጠብቂ ልጄ» አላት አያ ኤሊ። «ሲድን መስተዋቱ ያውቅሻል።»

ጠበቀችም። እንባ ቍስል እንዳያመረቅዝባት አላለቀሰችም። እጇ እንዳያምፅባት ወንድሟ መቃብር አልሄደችም፤ አርባውም ሲወጣ ከዚያው ከድንጋዩ ሥር ሆና ሰማች። ሐዘኗን ሁሉ ለአንድ ቆዳ ስትል አገደችው። ቀዩ መሥመር ጠየመ፤ ጠፋ፤ ነጩ ጠጕር ሥር ሰደደ፤ ዙሪያውን ሞላ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ ባባራበት የነሐሴ ማለዳ፣ በመስተዋቱ ፊት ቆመች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ መስተዋቱ። «አውቄዎታለሁ። ሁለንተናዋ ነጭ የሆነች ጨቅላ አስገብተዋል። ይግቡና ይውሰዷት።»

ዘርፌ በረረች። ዥዋዥዌው ባዶውን ይወዛወዝ ነበር።

«ልጄስ?»

ዥዋዥዌው ገመዱ እየተንሰቀሰቀ ተናገረ። «አቅፌያት ነበር፤ እመት። በአሥረኛው ቀን ጀርባዋ ላይ አንድ ጥቁር ጠጕር አየሁ። በሠላሳኛው ቀን ግማሿ ጠቆረ። ከትናንት በስቲያ ጥቁርና ነጭ ሆና አነጋች፤ ቁርጥ አንቺን መሰለች። በአጸዱ ያለ እንግዳ ሁሉ ወደ ደጁ ተጠርቶ ሲታይ መስተዋቱ፣ ‹ይህች ጥቁር ጉሬዛ በደጄ አልገባችም› አለ። እነግራዝማችም በላይኛው በር፣ ወደ ማይታወቀው ዱር አስወጧት። ‹እኔ ነጯ ነኝ! እማዬ ትመጣለች!› እያለች ሄደች። እኔ እግር የለኝም፤ እመት።»

ዘርፌ ወደ ደጁ ተመለሰች።

«ልጄን ወዴት አደረግሃት?»

«ያስገቧት ጨቅላ ነጭ ናት» አለ መስተዋቱ፣ በዚያው በማይለወጥ ትሕትናው። «ነጭ ጨቅላ አልወጣችም። ውስጥ ናት።»

«የለችም!»

«ውስጥ ናት።»

«የለችም እኮ!»

«ውስጥ ናት።»

ዘርፌ እጆቿን ወደ ፊቷ አነሣች። በዚህ ጊዜ አያ ኤሊ «አደራ» አላላትም።

እናንተ የሰማችሁኝ ሆይ፣ ተረቴን እዚህ ላይ አኖራለሁ። ፊት የሚለወጠው ባለቤቱ በሕይወት ስላለ ነው፤ ያድጋል፣ ይሥቃል፣ ያለቅሳል። የማይለወጥ ፊት ብቻ የሚያውቅ ደጅ ጠባቂ ሕያዋንን አይጠብቅም። በሰልፍ ቆማችሁ ከአጠገባችሁ የምታውቁት ድምፅ ሲያለቅስ ብትሰሙ፣ ተራችሁ ቢያልፍም፣ ፊታችሁን አዙሩለት።

በላይኛው በር የወጣችው የዘርፌ ልጅ ናት። ስሟ ድምቡሼ ነበር። ጠፋች፤ አልተገኘችም።