ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረው አጥቂ

አንድ የእግር ኳስ አጥቂ ነበረ። «ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንሠራውን የእንጨት ሥራ ትቼ ልለይ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እንዲህ አድርግ ብዬህ እንዳልሳሳት እፈራለሁ፤ ስለዚህ የዚያን አጥቂ ነገር ልንገርህ።

ይህ አጥቂ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ክለቡ ያስፈረመው ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ ከበረታ ይቆያል፣ ካልሆነ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሩጫው ጉድ ያሰኛል። ችግሩም ይኸው ፍጥነቱ ሆነ። ኳሷ ከአቀባዩ እግር ሳትወጣ እርሱ ከተከላካዮቹ ጀርባ ይገኛል። ያን ጊዜ የመስመር ዳኛው «ከጨዋታ ውጪ ነው» ብሎ ባንዲራውን ያነሳል፣ ያገባው ጎልም ይሻራል። በዘጠኝ ጨዋታ ሰባት ጎል ተሻረበት። ተመልካቹ «ባንዲራ» የሚል ስም አወጣለት።

ኳሷን የሚያቀብለው ጉልበቱ የደከመ አንጋፋ አማካይ ነበር። አጥቂው በእርሱ አመካኘ። «ሽማግሌው አስቦ እስኪያቀብል መሽቶ ይነጋል» እያለ ያማዋል። አሰልጣኙ «ቀስ በል» ሲለው ቀስ አለ፤ ያኔ ደግሞ ተከላካዮቹ ቀደሙት። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀር ሻንጣውን አዘጋጀ።

በዋዜማው ልምምድ ላይ የሜዳውን መስመር በኖራ የሚያሰምሩ ሰውዬ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ጠሩት።

«ና እስቲ፣ ባንዲራ።»

«እርስዎም?»

«እኔም! ያ የሚያቀብልህ ሰው ከመምታቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ?»

«ይቆማላ!»

«ዓመቱን ሙሉ ጀርባህን ሰጥተኸው በምን አየኸው? ግራ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል። እኔ እዚህ ዳር ቆሜ አይቼዋለሁ።»

አጥቂው ተናደደ፤ ነገሩ ግን ከጆሮው አልወጣም።

በመጨረሻው ጨዋታ ሩብ ሰዓት ሲቀር አስገቡት። እግሩ ሊሮጥ ተቁነጠነጠ። እርሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። አንጋፋው በላብ ተጠምቆ፣ ሁለት ሰው ከቦት፣ በዓይኑ እርሱን ይፈልጋል። ትከሻው ዝቅ አለ። አጥቂው ያን ጊዜ ተፈተለከ። ኳሷ ከፊቱ አረፈች፤ አገባት። ወደ ዳር አየ፤ ባንዲራው አልተነሳም።

ወደ ተመልካቹ አልሮጠም። ወደ አንጋፋው ሄዶ፣ «ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስትፈልገኝ ነበር?» አለው።

«አንተ መቼ ዞረህ አየህና!» አለው።

ልጄ፣ ፍጥነትህን አልነቅፍም። ነገር ግን ያ አጥቂ አንተ ነህ፤ እንጨቱን ለክቶ የሚቆርጥልህ ወንድምህም አቀባይህ ነው። ለክቶ ሳይጨርስ እየነጠቅህ የገጠምኸው በር ሲጣመም በእርሱ ታመካኛለህ። ነገ ጠዋት መዶሻህን አስቀምጥና ሲለካ ፊቱን እየው። ከዚያ በኋላም መለየት ካማረህ ሂድ፤ ቢያንስ ከማን እንደተለየህ ታውቃለህ።